አሮጌ ላፕቶፕን የቤት ፋይል ሰርቨር ማድረግ፦ ሳምባ፣ የፈቃድ ጉዳይና የአማርኛ የፋይል ስሞች

አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታችን የቤተሰቡ ፋይሎች ለብዙ ዓመታት በየቦታው ተበታትነው ኖረዋል። የሠርግና የክርስትና ፎቶዎች በአንድ የውጭ ሀርድ ዲስክ፣ የባለቤቴ የሥራ ሰነዶች በዊንዶውስ ላፕቶፕዋ፣ የልጆቹ መማሪያ መጻሕፍት ከቴሌግራም በወረዱበት ስልክ፣ የእናቴ የቤት ካርታና የውርስ ወረቀቶች ቅጂ ደግሞ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ነበሩ። አንዱ የሌላውን ሲፈልግ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፍላሽ ነበር፤ ፍላሽ ደግሞ ከፋይሉ ጋር ቫይረስም ይዞ ይዞራል፤ ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው የአቋራጭ ምልክት የሚያስቀምጠው ዓይነት ያላጋጠመው ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአገልግሎት በወጣ አንድ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ሰርቨር የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ጭኜ፣ ሳምባ በተባለ የፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም፣ ሁሉም ሰው በየራሱ መሣሪያ ሊደርስባቸው የሚችል የጋራ ፎልደሮችን አዘጋጀሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች በአንድ መስመር የሚያልፏቸው፣ ወይም ጭራሽ የማያነሷቸው ነገሮች ስላሉ፣ በተለይ ስለ ፈቃድ እና ስለ አማርኛ የፋይል ስሞች ያወቅሁትን እዚህ በዝርዝር አሰፍራለሁ። የትእዛዞችንና የቅንብሮችን ስም በሚነበቡበት ድምፅ ስለጻፍኋቸው፣ ስትተይቧቸው በፕሮግራሙ መመሪያ ላይ ያለውን የላቲን አጻጻፍ ተከተሉ።

ለዚህ ሥራ ከዴስክቶፕ ይልቅ ላፕቶፕ የመረጥሁት በባትሪው ምክንያት ነው። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ የማይቆይ ያረጀ ባትሪ ሰርቨሩን በሥርዓት ለማጥፋት ከበቂ በላይ ጊዜ ይሰጣል። ሁለት ነገር ግን ማስተካከል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማድረግ ሲሆን፣ ይህም በ«ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ በ«ሲስተምዲ» ሥር ባለው «ሎጊንዲ ነጥብ ኮንፍ» በተባለው ፋይል «ሃንድል ሊድ ስዊች» የሚለውን ቅንብር «ኢግኖር» በማለት ይፈጸማል። ሁለተኛው የዲስኩ ጉዳይ ነው፤ ትንሹ ባለ 2.5 ኢንች የውጭ ሀርድ ዲስክ ኃይሉን ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ስለሚያገኝ መብራት ሲጠፋ አብሮ በባትሪው ይቆያል፣ ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ግን የራሱ አዳፕተር ስላለው ወዲያው ይጠፋል፣ በመጻፍ ላይ ከነበረም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሊያብጥ እንደሚችልም አትርሱ፤ ላፕቶፑ የሚፈቅድ ከሆነ ቻርጁን በ80 በመቶ መገደብ፣ የማይፈቅድ ከሆነም ሥሩን በየጊዜው ማየት ተገቢ ነው።

ፋይል ለማጋራት በሊኑክስ ዓለም በብዛት የሚነሱት ሁለት መንገዶች ኤንኤፍኤስ እና ሳምባ ናቸው። ኤንኤፍኤስ በ1984 እ.ኤ.አ. በሰን ማይክሮሲስተምስ የተሠራ ሲሆን፣ ሊኑክስን ከሊኑክስ ለማገናኘት ቀላልና ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ በተለመደው አጠቃቀሙ ሰውን የሚለየው በይለፍ ቃል ሳይሆን በተጠቃሚ ቁጥር ነው፤ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩ 1000 የሆነ ሰው፣ በሰርቨሩ ላይ ቁጥር 1000 የሆነውን ሰው ፋይል እንደ ራሱ ያያል። ሁሉም መሣሪያ በአንድ ሰው እጅ ባለበት ቤት ይህ ላያስጨንቅ ይችላል፤ ዊንዶውስ፣ ስልክና ቴሌቪዥን በተቀላቀሉበት ቤት ግን አይሆንም። ሳምባ የዊንዶውስን የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ኤስኤምቢን ለሊኑክስ የሚያስተምር ፕሮግራም ነው፤ አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል በ1992 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከጀመረው ጊዜ አንሥቶ በነፃ እየተሰራጨ ይገኛል። ዊንዶውስ፣ ማክ፣ አይፎንና አንድሮይድ ሁሉም ስለሚግባቡት እኔ የመረጥሁት ይህንኑ ነው።

ሳምባን ከመጫን በፊት የሰርቨሩ አድራሻ እንዳይቀያየር ማድረግ ያስፈልጋል። ራውተሩ ለየመሣሪያው አድራሻ የሚያድለው በጊዜያዊነት ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ላይ ስለሚነሣ ትናንት የሰርቨሩ የነበረው ቁጥር ዛሬ የአንዱ ስልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በራውተሩ ገጽ ውስጥ ገብቶ የሰርቨሩን የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ከአንድ ቋሚ ቁጥር ጋር ማሰር ይቻላል፤ የእኛ 192.168.1.50 ነው። ሰርቨሩን በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት።

አሁን ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ እንምረጥ። ብዙ ሰው በ«ሆም» ውስጥ ባለው የራሱ ፎልደር ሥር አንድ ፎልደር ከፍቶ እርሱን ያጋራል፤ ከኡቡንቱ 21.04 ወዲህ ግን አዲስ የሚፈጠር የተጠቃሚ ፎልደር ፈቃዱ 750 (ሦስቱ አሃዞች በተራ የባለቤቱን፣ የቡድኑንና የሌላውን ሁሉ ፈቃድ ያሳያሉ፤ 7 ሙሉ ፈቃድ፣ 0 ምንም ፈቃድ ማለት ነው) ስለሆነ፣ ከባለቤቱና ከቡድኑ ውጪ ያለ ሰው አልፎ መግባት አይችልም። ውስጥ ያለው ፎልደር ለሁሉም ክፍት ቢሆን እንኳ፣ በላዩ ያለው ከተዘጋ መድረሻ የለም። በሊኑክስ ልማድ እንዲህ ላለው አገልግሎት የተመደበው ቦታ «ኤስአርቪ» የተባለው ፎልደር ስለሆነ እኔም በእርሱ ሥር ለፎቶ፣ ለሰነድ፣ ለትምህርትና ለፊልም የየራሳቸውን ፎልደር አበጀሁ።

የውጭው ሀርድ ዲስክ ከሱቅ ሲመጣ በዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት፣ በኤንቲኤፍኤስ፣ ተዘጋጅቶ ነው። ሊኑክስ ያነበዋል፣ ይጽፍበታልም፤ ነገር ግን የሊኑክስ ባለቤትነትና ፈቃድ በየፋይሉ ላይ እንደሚገባ አይሠሩበትም፣ ዲስኩ ሲያያዝ ለሁሉም ፋይል አንድ ዓይነት ፈቃድ ይሰጣል። ዊንዶውስ በሥርዓት ሳይዘጋው የተነቀለ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ሊኑክስ ለማንበብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል፤ ያን ጊዜ በሳምባ ቅንብር ላይ ምንም ብትቀይሩ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ፋይሎቹን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ዲስኩን በሊኑክስ የፋይል ሥርዓት፣ በኤክስት4፣ እንደገና ማዘጋጀት ድካሙን ይክሳል። ከዚያ ሰርቨሩ ሲነሣ የሚያያዙት ዲስኮች በሚዘረዘሩበት በ«ኤፍስታብ» ፋይል ውስጥ በመለያ ቁጥሩ ማስመዝገብና «ኖፌይል» የሚለውን ቃል መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህ ቃል ከሌለ፣ ዲስኩ ተነቅሎ ሳለ ሰርቨሩ ቢነሣ እስክሪን በሌለው ማሽን ላይ መሃል መንገድ ቆሞ ይቀራል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ አደጋ አለ፤ ብዙ መመሪያ ስለማያነሣው ጠንከር አድርጌ ልጻፈው። ዲስኩ ሳይያያዝ ሰርቨሩ ከተነሣ፣ ዲስኩ ሊያያዝበት የነበረው ባዶ ፎልደር በቦታው አለ፤ ሳምባም ያንን ባዶ ፎልደር ያጋራል። የቤተሰቡ አባል «ፎቶዎቹ ሁሉ ጠፉ» ብሎ ይደነግጣል፣ አለዚያም ሳያስተውል አዳዲስ ፎቶዎችን ይገለብጣል፤ እነዚህም በትንሹ የሲስተም ዲስክ ላይ ይከማቹና ዲስኩ ሲያያዝ ከሥሩ ተሸፍነው ከዓይን ይሰወራሉ። መከላከያው ቀላል ነው፦ ዲስኩ ባልተያያዘበት ሰዓት ያንን ባዶ ፎልደር በ«ቻትር» ትእዛዝ፣ «ፕላስ አይ» በሚለው ምርጫ፣ የማይለወጥ ማድረግ። ዲስኩ ያለ ችግር ይያያዝበታል፤ ዲስኩ ከሌለ ግን ማንም፣ ዋናው አስተዳዳሪም ቢሆን፣ በውስጡ አንዲት ፋይል መፍጠር አይችልም።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ፈቃድ እንምጣ። አንድ ሰው በስልኩ ሆኖ የጋራውን ፎልደር ከፍቶ ፋይል እስኪያስቀምጥ ድረስ ሦስት በሮች ማለፍ አለበት። አንደኛው የኔትወርኩ በር ነው፦ ስልኩና ሰርቨሩ በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸው፣ የሰርቨሩ ፋየርዎልም ሳምባ የሚጠቀምበትን የኔትወርክ መግቢያ፣ ፖርት 445ን፣ መፍቀዱ። ሁለተኛው የሳምባ በር ነው፦ ሰውየው ለሳምባ የተመዘገበ ስምና የይለፍ ቃል ያለው መሆኑ፣ በማዋቀሪያው ፋይል ላይም ለዚያ ፎልደር የተፈቀደለት መሆኑ። ሦስተኛው የሊኑክስ የራሱ በር ነው፦ ያ ተጠቃሚ በዲስኩ ላይ ያለውን ፎልደር ለማንበብና ለመጻፍ በባለቤትነት ወይም በቡድን አባልነት ፈቃድ ያለው መሆኑ። ሳምባ «መጻፍ ይቻላል» ቢልም ሊኑክስ «አይቻልም» ካለ የሚጸናው የሊኑክስ ቃል ነው። ጭንቀቱ የሚመጣው ሦስቱን በመቀላቀል ነው፤ ሦስተኛው በር ተዘግቶ ሳለ ሁለተኛውን ሲነካኩ መዋል፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ለሁሉም ሰው ሁሉንም የሚፈቅደውን 777 መስጠት የተለመደ ነው። 777 በእርግጥ ያሠራል፤ ነገር ግን በሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም የእናትን የቤት ካርታ ሊሰርዝ ይችላል ማለት ስለሆነ ልታደርጉት አይገባም።

እኔ ያደረግሁት የሚከተለው ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በሊኑክሱ ላይ የራሱ ተጠቃሚ ፈጠርሁ፤ ወደ ሰርቨሩ ገብተው ትእዛዝ መስጠት ስለማያስፈልጋቸው ተርሚናል እንዳይከፈትላቸው «ኖሎጊን» የሚለውን መደብሁላቸው። ከዚያ ቤተሰብ የሚል ትርጉም ያለው አንድ ቡድን ፈጥሬ ሁሉንም አባል አደረግኋቸው፣ የጋራ ፎልደሮቹንም ለዚያ ቡድን አስረክቤ ፈቃዳቸውን 2775 አደረግሁ። የመጀመሪያዋ 2 ትልቅ ሥራ አላት፦ በፎልደሩ ውስጥ የሚፈጠር ማንኛውም አዲስ ፋይል የፈጣሪውን ሳይሆን የፎልደሩን ቡድን እንዲወርስ ታደርጋለች። እርሷ ባትኖር ባለቤቴ ያስቀመጠችውን ሰነድ እኔ ማንበብ እንጂ ማስተካከል አልችልም ነበር። በሳምባ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ የጋራ ፎልደር «ክሪኤት ማስክ» 0664፣ «ዳይሬክተሪ ማስክ» 2775 ብዬ ጻፍሁ፣ የመጀመሪያው ለአዲስ ፋይል፣ ሁለተኛው ለአዲስ ፎልደር የሚሰጠውን ፈቃድ ይወስናል፤ በ«ቫሊድ ዩዘርስ» ላይም የቡድኑን ስም አስገባሁ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ማስኮች የሚሠሩት በሳምባ በኩል ለሚመጣ ፋይል ብቻ ነው፤ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በአርሲንክ (የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም) ወይም በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨሩ መግቢያ) ወደ ሰርቨሩ የገለበጣችሁት ፋይል ፈቃዱን ከሌላ ቦታ ስለሚይዝ፣ ፎልደሮቹ ላይ በ«ሴትኤፍኤሲኤል» ትእዛዝ የሚወረስ ፈቃድ ማስቀመጥ ሁለቱንም መንገድ እኩል ያደርገዋል።

የሳምባ የይለፍ ቃል ከሊኑክሱ የይለፍ ቃል የተለየ መዝገብ እንዳለው ብዙዎች አያውቁም። ተጠቃሚውን በሊኑክስ ላይ መፍጠር ብቻውን አይበቃም፤ «ኤስኤምቢፓስውድ» በሚለው ትእዛዝ፣ «ሰረዝ ኤ» በሚለው ምርጫ፣ ለሳምባም ማስመዝገብ ያስፈልጋል። የማዋቀሪያው ፋይል በተለወጠ ቁጥር ደግሞ «ቴስትፓርም» የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ የአጻጻፍ ግድፈትን ወዲያው ያሳያል፤ ሳምባ የማያውቀውን ቃል ዝም ብሎ ስለሚያልፈው፣ አንድ ፊደል የተሳሳተ ቅንብር ጨርሶ እንዳልተጻፈ ይቆጠራልና።

አንድ ነገር እምቢ ሲል በየትኛው በር ላይ እንደቆመ መለየት ጊዜ ይቆጥባል። ዊንዶውስ የኔትወርኩ መንገድ አልተገኘም ብሎ 0x80070035 የሚለውን ቁጥር ካሳየ ነገሩ በአብዛኛው የመጀመሪያው በር ነው፤ አድራሻው፣ ፋየርዎሉ፣ ወይም ስልኩና ላፕቶፑ የራውተሩን የእንግዳ ዋይፋይ መያዛቸው ይታይ። የእንግዳ ዋይፋይ ኢንተርኔት ይሰጣል እንጂ የቤቱን መሣሪያዎች ስለማያሳይ፣ ይህ ብዙ ሰው ያደክማል። ስምና የይለፍ ቃል ደጋግሞ የሚጠይቅ ከሆነ ሁለተኛው በር ነው። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ በራሱ የማይክሮሶፍት አካውንት ስም እየሞከረ ሊሆን ስለሚችል፣ «በሌላ አካውንት» የሚለውን መርጦ የሳምባውን ስም በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። ገብቶ ፎልደሩን ካየ በኋላ ሲከፍት ወይም ሲጽፍ ፈቃድ የለህም የሚባል ከሆነ ግን ሦስተኛው በር ነው፤ በሰርቨሩ ላይ «ኔምአይ» የሚባለው ትእዛዝ፣ «ሰረዝ ኤል» ተጨምሮበት፣ ከሥር እስከ መጨረሻው ፎልደር ድረስ የእያንዳንዱን ደረጃ ባለቤትና ፈቃድ በአንድ ዝርዝር ያሳያል፤ የተዘጋው ደረጃ ወዲያው ይታያል። በዊንዶውስ ላይ 1219 የሚል ቁጥር ያለው መልእክት ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የሰርቨሩ አይደለም፦ ዊንዶውስ ከአንድ ሰርቨር ጋር በአንድ ጊዜ በሁለት የተለያዩ ስሞች መገናኘትን ስለማይፈቅድ፣ የቀድሞውን ግንኙነት ማቋረጥ ወይም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ያስፈልጋል።

«ለምን በይለፍ ቃል እንቸገራለን፣ ለእንግዳ ክፍት እናድርገው» የሚል ሐሳብ በቤታችን ተነሥቶ ነበር። ሐሳቡን ያልተቀበልሁት ለጥንቃቄ ብቻ ብዬ አይደለም፤ አዳዲሶቹ የዊንዶውስ ስሪቶች ያለ ይለፍ ቃል ወደ ኔትወርክ ፎልደር መግባትን እየከለከሉ መጥተዋል፣ የዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 ስሪት ለምሳሌ እያንዳንዱ ግንኙነት በፊርማ እንዲረጋገጥ በነባሪነት ስለሚጠይቅ የእንግዳ መግቢያ አይሠራም። የይለፍ ቃሉን አንድ ጊዜ አስገብቶ ዊንዶውስ እንዲያስታውሰው ማድረግ ለተጠቃሚው ምንም ድካም የለውም።

ሰርቨሩ በዊንዶውስ «ኔትወርክ» በሚለው ገጽ ላይ አለመታየቱም ሰውን ያስጨንቃል፤ አለመታየት ግን አለመሥራት አይደለም። ዱሮ መሣሪያዎች በዚያ ገጽ ላይ ይታዩ የነበሩት በአሮጌው ኤስኤምቢ 1 በኩል ነበር። በግንቦት 2009 ዓ.ም.፣ ማለትም በሜይ 2017 እ.ኤ.አ.፣ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው በዚሁ አሮጌ ፕሮቶኮል ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ሲሆን፣ ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ዊንዶውስ 10 በአዲስ ሲጫን ኤስኤምቢ 1ን ይዞ አይመጣም፤ ሳምባም ከ4.11 ስሪት ወዲህ በነባሪነት ዘግቶታል። በአንዳንድ ጽሑፎች ላይ «ኤስኤምቢ 1ን መልሳችሁ አብሩት» የሚል ምክር ስታገኙ አትቀበሉ። ሰርቨሩ እንዲታይ ከፈለጋችሁ «ደብልዩኤስዲዲ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም መጫን ይበቃል፤ ካልሆነም በፋይል መክፈቻው የአድራሻ መስመር ላይ ሁለት ወደ ኋላ የተጋደሙ መስመሮችን ጽፎ 192.168.1.50 ማለትና የተከፈተውን ፎልደር የራሱ ፊደል ያለው ድራይቭ አድርጎ ማሰር ነው። እናቴ ዘንድ የፎቶው ፎልደር አሁን ልክ እንደ ዲስክ ሆኖ ይታያል። በአይፎን ከአይኦኤስ 13 ጀምሮ «ፋይልስ» የሚባለው መተግበሪያ ከሰርቨር ጋር መገናኘት ይችላል፤ በአንድሮይድ ግን ኤስኤምቢ የሚያውቅ የፋይል ማስተዳደሪያ መተግበሪያ መጫን ያስፈልጋል፣ ለፊልምና ለሙዚቃ ቪኤልሲ ብቻውን ይበቃል። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥናችን ከኤስኤምቢ 1 ሌላ ስለማያውቅ ለእርሱ ሚኒዲኤልኤንኤ የተባለውን ፕሮግራም ጭኜ የፊልሙን ፎልደር ብቻ አሳየሁት።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው በሌላ ቋንቋ በተጻፈ መመሪያ ላይ ስለማይገኝ በሰፊው ልሂድበት። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት የኮድ ሥርዓት) ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ነው። የኤክስት4 የፋይል ሥርዓት ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው እስከ 255 ባይት ስለሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈ ስም ከ85 ፊደል በላይ ሊሆን አይችልም፤ «ነጥብ ፒዲኤፍ» የሚለው ቅጥያ 4 ባይት ሲወስድ ለስሙ የሚቀረው 83 ፊደል ነው። ዊንዶውስ ግን በኤንቲኤፍኤስ ላይ የሚቆጥረው ፊደሉን እንጂ ባይቱን ስላልሆነ እስከ 255 ፊደል ይቀበላል። እንግዲህ በዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ሲከፈት የኖረ፣ ርእሱን፣ የጸሐፊውን ስምና የታተመበትን ዓመት በሙሉ በስሙ ላይ የያዘ የአማርኛ መጽሐፍ ወደ ሰርቨሩ ሲገለበጥ እምቢ ይላል። በዊንዶውስ በኩል የሚመጣው መልእክት ምክንያቱን በግልጽ ስለማይናገር ሰው ዲስኩን ወይም ፈቃዱን ይጠረጥራል። ከቴሌግራም የሚወርዱ መጻሕፍትና የስብከት ቅጂዎች ብዙ ጊዜ ረጅም ስም ስለሚይዙ፣ ብዙ ፋይል ከመገልበጣችሁ በፊት ረጃጅሞቹን አሳጥሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ የሥርዓተ ነጥብ ነው። ሊኑክስ በፋይል ስም ውስጥ ከወደ ፊት ከተጋደመው መስመር በቀር ማንኛውንም ምልክት ይቀበላል፤ ዊንዶውስ ግን እንደ የላቲኑ ሁለት ነጥብ፣ የጥያቄ ምልክት እና ኮከብ ያሉትን አይቀበልም። በሊኑክስ ላይ እነዚህን የያዘ ስም ከተሰጠ ሳምባ ለዊንዶውስ የሚያሳየው ስሙን አጣምሞ፣ የማይነበብ አጭር ስም አድርጎ ነው። የእኛዎቹ «፡»፣ «፣»፣ «፤» እና «።» ምንም ችግር የለባቸውም፣ ምክንያቱም ለኮምፒውተሩ ከላቲኖቹ ፍጹም የተለዩ ምልክቶች ናቸው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በነጥብ የሚያልቅ ስም ነው። ፎልደሮችን በዓመት ስንከፍል «2016 ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ልማዳችን ነው፤ በዊንዶውስ ግን የፎልደር ስም በነጥብ ሊያልቅ ስለማይችል፣ በሊኑክስ ላይ የተፈጠረው እንዲህ ያለ ፎልደር ስሙ ተጣሞ ይታያል። የመጨረሻውን ነጥብ ትቶ «2016 ዓ.ም» ብሎ መጻፍ ችግሩን ይፈታዋል።

ሦስተኛው የፊደል ምርጫ ነው። «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓመት» እና «አመት» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ በአንዱ የተቀመጠ ፋይል በሌላው ሲፈለግ አይገኝም። እኔ ለጋራ ፎልደሮቹ አንድ የአጻጻፍ ደንብ አወጣሁ፦ ዋና ዋና ቃላት በየትኛው ፊደል እንደሚጻፉ የሚያሳይ አጭር ዝርዝር በየፎልደሩ መግቢያ ላይ አለ። ከፋይሉ ስም ፊት ለፊት ደግሞ ቁጥር ይቀድማል። የወራት ስሞች በፊደል ተራ ሲደረደሩ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፣ መጋቢትም ከመስከረም ቀጥሎ ይመጣል፤ «01 መስከረም»፣ «02 ጥቅምት» ተብሎ ሲጻፍ ግን ሁሉም በየቦታው ይቆማል። ስልኮች ፎቶዎችን በራሳቸው የሚሰይሙት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በስሙ ላይ 20240911 የሚል ፎቶ በእኛ የ2017 መስከረም 1 መሆኑን አስታውሶ በትክክለኛው ዓመት ፎልደር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የፎቶዎቹን ስም ራሱን አልለውጥም፤ የምለውጠው ፎልደሩን ብቻ ነው።

ፋይሎቹ አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ በኋላ ጥበቃቸው ዋነኛ ሐሳቤ ሆነ። በኔትወርክ በኩል የተሰረዘ ፋይል ወደ ዊንዶውስ የቆሻሻ መጣያ አይሄድም፤ ወዲያው ይጠፋል። ሳምባ «ሪሳይክል» የሚባል ተጨማሪ ክፍል ስላለው፣ በማዋቀሪያው ፋይል ላይ «ቪኤፍኤስ ኦብጀክትስ» በሚለው መስመር ከተጠራ የተሰረዘውን ሁሉ ወደ አንድ ስውር ፎልደር ያዛውራል። ይህ ፎልደር በራሱ ባዶ ስለማይሆን፣ የቆዩትን በየጊዜው የሚያጸዳ ትእዛዝ በ«ክሮን» (ትእዛዞችን በተወሰነላቸው ጊዜ በሚያስኬደው የሊኑክስ ፕሮግራም) ማስቀመጥ አለባችሁ። ከዚህም በላይ የሚያሳስበው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ነው፤ አንድ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ቢያዝ፣ ያ ላፕቶፕ የመጻፍ ፈቃድ ያለውን የጋራ ፎልደር ሁሉ አብሮ ሊቆልፍ ይችላል። ስለዚህ የተጠናቀቁትን የቤተሰብ ፎቶዎች ለሁሉም ሰው ለማንበብ ብቻ አደረግሁ፤ አዲስ ፎቶ የሚገባው ለብቻው በተከፈተ ፎልደር ሲሆን፣ ወደ ዋናው የማዛውረው እኔ በሰርቨሩ ላይ ሆኜ ነው። የጋራ ፎልደር ባክአፕ ስላልሆነም፣ በአርሲንክ የሚገለበጥበት ሌላ ሀርድ ዲስክ አለ፤ ገልብጦ እንደጨረሰ ይነቀልና በእናቴ ቤት ይቀመጣል።

ፍጥነቱን በሚመለከት፣ የራውተሩ ፖርት 100 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ ከ12 ሜጋባይት በላይ እንደማያልፍ፣ ጊጋቢት ከሆነ ግን ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊደርስ እንደሚችል ማወቅ ይጠቅማል። ራውተራችን የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ ትልልቅ የሠርግ ቪዲዮዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለበጥሁት በኔትወርክ ሳይሆን ዲስኩን በቀጥታ ከሰርቨሩ ጋር አገናኝቼ ነው።

በውጭ አገር የምትኖረው እህቴ ፎቶዎቹን ለማየት ስትጠይቅ፣ በራውተሩ ላይ ፖርት 445ን ወደ ኢንተርኔት መክፈት ፈጽሞ እንደማይገባ ለቤተሰቡ አስረዳሁ። ይህ ፖርት በዓለም ዙሪያ ያለማቋረጥ የሚፈተሽ ሲሆን፣ በራሱ በሳምባም ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ ተስተካክሏል። የቤታችን ኢንተርኔት የራሱ የሆነ ሕዝባዊ አድራሻም ስለሌለው ከውጭ በቀጥታ መግባት አይቻልም። ስለዚህ በዋየርጋርድ ላይ የተመሠረተውን ቴይልስኬል በሰርቨሩና በእህቴ ላፕቶፕ ላይ ጫንሁ፤ ይህ ሁለቱን በምስጠራ ያገናኛል፣ ለሌላው ዓለም ግን የሚከፍተው ፖርት የለም። በሳምባ በኩልም ለእርሷ የተሰጠው ስም የፎቶውን ፎልደር ለማንበብ ብቻ ነው። የእኛ ኢንተርኔት የመላኪያ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ፎቶዎቹን ያለ ችግር ብታይም ቪዲዮው ይቆራረጥባታል፤ ለዚህም ቪዲዮዎቹን በኤፍኤፍኤምፔግ ወደ ትንሽ መጠን ቀይሬ በተለየ ፎልደር አኖርሁላት፣ እርሷም የምትፈልገውን መጀመሪያ ወደ ላፕቶፕዋ ገልብጣ ትመለከታለች።